የሚጠጣው ማን ነው? የቤተሰብ ፒክ አፕና የናፍጣ ወጪ

የቤት ወጪ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ጤፉ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ የልጆች ደብተርና ጫማ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ነው። መኪና ባለበት ቤት ግን አንድ ተጨማሪ አፍ መኖሩን እንዘነጋለን። በተለይም መኪናው ለመዝናኛ ሳይሆን ለእንጀራ የተገዛ፣ ከፊት ሰው ከኋላ ዕቃ የሚጭን ፒክ አፕ ከሆነ፣ ይህ አፍ ገና ልጆቹ ሳይቀምሱ ቀድሞ የሚጎርስ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ‹‹ስለ ሞተርና ስለ ጎማ መጻፍ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ጉዳይ ነውን?›› የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አዎን፣ ነው። የናፍጣው ገንዘብ የሚወጣው የወተቱና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከሚወጣበት ከዚያው ኪስ ነው። ከዚህም ሌላ የናፍጣ ሒሳብ ባለመታወቁ ብቻ ትዳር ሲናጋ አይተናል። ዛሬ የምናወጋችሁም ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው አገራችን የምትጠቀምበትን የነዳጅ ዘይት በሙሉ ከውጭ በምንዛሪ ትገዛለች፤ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ወደ መሐል አገር ይገባል። በመሆኑም የዓለም ገበያ ሲናወጥ ጓዳችንም አብሮ ይናወጣል። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ እንዲያቆሙ ያደረጋቸው የቤንዚን ዋጋ መጨመር እንደነበረ በዕድሜ የገፉ አንባቢያን ያስታውሳሉ። በቅርቡም መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ፣ በ2013 ዓ.ም. ከ30 ብር በታች ይቀዳ የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ መቶ ብር ሊሞላ አንድ ብር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። የማደያውን ዋጋ እኛ አንወስነውም። አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬደን ግን በአብዛኛው በእጃችን ያለ ነገር ነው።

የደሴዋ እናት ደብተር

ደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቀች አንጠቅሰውም። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ባለች የናፍጣ ፒክ አፕ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አትክልትና ሸቀጥ ያመላልሳል። ማታ ማታ የዕለቱን ገቢ ያስረክባታል፤ እርሷም በልጆች ደብተር ትመዘግባለች። ዕቁቡንም፣ የቤቱን ኪራይም የምትከፍል እርሷ ናት።

አንድ ወቅት ላይ ደብተሩ አልገጥም አላት። የጭነቱ ብዛት እንደ ወትሮው ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ ግን ከወር ወደ ወር ይሳሳል። ስትጠይቀው ‹‹ናፍጣ በላው›› ይላታል። በሌላ በኩል አንዳንድ ቀን አምሽቶ ይመጣል። ጎረቤትም አንዲት ቃል ጣል ታደርጋለች። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ማታ ልጆቹ እየሰሙ፣ ‹‹ናፍጣ አይደለም የበላው፣ አረቄ ነው! አንተ ጠጪ!›› አለችው።

እርሱም መልስ ሳይሰጥ ኮቱን አንሥቶ ወጣና ወንድሙ ቤት አደረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ አዛውንት ነበሩ። የሁለቱንም ቃል ካዳመጡ በኋላ ያነሡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

‹‹መኪናይቱ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?››

ባልም አላወቀም፣ ሚስትም አላወቀችም።

‹‹ታዲያ ይህን ሳታውቁ ነው ትዳር የምታፈርሱት?›› አሉና ሸንጎውን ለሁለት ሳምንት ቀጠሩት።

በመጀመሪያ መለካት

አዛውንቱ ለባልና ሚስቱ ያሳዩአቸው የአለካክ ዘዴ ማንኛውም ሰው ሊሠራበት የሚችል ነው። ታንኩ እስከ አፉ ይሞላል፤ የመቅጃው እጀታ ራሱን ሲዘጋ በዚያው ይቆማል። በዚህን ጊዜ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ይጻፋል። ከዚያም እንደ ወትሮው ለጥቂት ቀናት ይሠራበታል። በሁለተኛው ጊዜ፣ ቢቻል በዚያው ማደያና በዚያው መቅጃ፣ እንደገና ይሞላል። የተጓዙት ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ሲካፈል መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት ይገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ ስለሚያሳስት ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ይበጃል። ‹‹የሁለት መቶ ብር ቅዳልኝ›› እያሉ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ መሙላት ግን ይህን ሒሳብ ያጠፋዋል።

የደሴዎቹ ባልና ሚስት መኪና 315 ኪሎ ሜትር ሄዳ 45 ሊትር ጠጣች። ሲካፈል በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ሸንጎው ዳግመኛ ሲሰየም አዛውንቱ ደብተሩን ተመልክተው ሚስትየዋን፣ ‹‹ልጄ፣ ባልሽን አትክሰሽ። የምትጠጣው መኪናይቱ ናት›› አሏት። ቀጥለውም ወደ ባልየው ዘወር ብለው፣ ‹‹አንተም አትኩራ፤ እንድትጠጣ ያስተማርካት አንተ ነህ›› አሉት። ቅዳሜ ጠዋት መኪናይቱን በራቸው ድረስ እንዲያመጣ አዘዙትና ተበተኑ።

በበሽተኛዋ ላይ የተገኘው

ቅዳሜ ጠዋት ሚስትየዋም ደብተሯን ይዛ አብራ ሄደች። እኛም ያየችውን እንደ ነገረችን፣ ለእናንተም እንዲጠቅም ማብራሪያ እየጨመርንበት እናቀርበዋለን።

በመጀመሪያ የታየው ጎማ ነው። አራቱም ጎማዎች ለዓይን ደኅና ይመስሉ ነበር፤ በመለኪያ ሲታዩ ግን ንፋሳቸው ጎድሏል። የላላ ጎማ መሬት ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩም እንደ ጭቃ ውስጥ ሰው ይጎትተዋል። በየጎማው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. በጎደለ ቁጥር የነዳጅ ፍጆታው በመቶ 0.2 ያህል ይጨምራል፤ አሥር ቢጎድል በመቶ ሁለት መሆኑ ነው። ትክክለኛው ልክ በአብዛኛው በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ወይም በመኪናው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። ለፒክ አፕ የኋላ ጎማ ባዶ ሲሆንና ሲጫን ልኩ ሊለያይ ስለሚችል ያንንም ማየት ነው። ልኬቱ መደረግ ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎሚስታው ዘንድ በየሁለት ሳምንቱ ጎራ ማለት ጎማውንም ከማለቅ ያድናል።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። አዛውንቱ መኪናይቱን በክሪክ አስነሥተው ጎማዎቹን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ፣ የግራው የኋላ ጎማ አልዞር አለ። ፍሬኑ ይዞ ሳይለቅ ቀርቶ መኪናይቱ በየቀኑ ፍሬን እየረገጠች ትሄድ ኖሯል። ይህን ጉድለት በቤት ለማወቅም ይቻላል። ጥቂት መንገድ ተጉዘው ከቆሙ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬው ጠጋ ሲያደርጉት አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ፣ ፍሬኑ ወይም ኩሽኔታው መታየት አለበት። ይህ ከናፍጣም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው የአየር ፊልትሮ ነው። የገጠር አቧራ ደፍኖት ነበር። በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪናዎች ላይ ሞተሩ የሚገባውን አየር እየለካ ነዳጁን ስለሚያስተካክል የተደፈነ ፊልትሮ በፍጆታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። በቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን አየሩ ሲያንስ ናፍጣው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በማርሚታው በኩል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከፍለን የገዛነው ናፍጣ መሆኑን እናስተውል።

በዚህ ረገድ የደጋ ነዋሪዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያነሰው ሲመስል አንዳንድ ሰው ‹‹ፖምፓውን ክፈትልኝ፣ ናፍጣ ጨምርልኝ›› ይላል። አየር ሳይጨመር ናፍጣ መጨመር ግን ጭስንና ወጪን ከማብዛት በቀር የሚያስገኘው ጉልበት ጥቂት ነው። ፖምፓና ኖዝል በመለኪያ መሣሪያ ባለው ባለሙያ ብቻ ይነካ።

አራተኛው ያልተጠረጠረ ነገር ነበር። ተርሞስታቱ የለም። ከዓመት በፊት ሞተሩ ሲሞቅ አንድ ጋራዥ ውስጥ ‹‹ይኼ ነው የሚያሞቀው›› ብለው አውልቀው ጥለውታል። ተርሞስታት ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። እርሱ ሲወልቅ ሞተሩ በተለይ እንደ ደሴ ባለ ብርዳም ከተማ ሁልጊዜ እንደ በረደው ይሠራል፤ የበረደው ሞተርም ብዙ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ሞተር የሚሞቅበት ምክንያት ራዲያተሩ ተደፍኖ ወይም ውሃው ፈስሶ ሊሆን ይችላልና መድኃኒቱ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

አምስተኛው በጣሪያው ላይ የተበየደው የብረት መደርደሪያ ነው። እዚህ ላይ ሚስትየዋ እየሳቀች፣ ‹‹እርሱን ያስበየድኩት እኔ ነኝ። ለቅርጫት ይሆነኛል ብዬ ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንኳ አልተጫነበትም›› ብላናለች። በጣሪያ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ንፋስ ይይዛል። ሳይፈለግ የሚዞር ትርፍ ክብደትም እንዲሁ ነው፤ በተራ አውቶሞቢል ላይ 45 ኪሎ ግራም ያህል ትርፍ ዕቃ ፍጆታውን በመቶ አንድ ያህል ከፍ ያደርጋል። በፒክ አፕ ላይ ከዚያ ቢያንስም፣ ለወራት ከኋላ የተረሳ አሸዋና አሮጌ ባሌስትራ በነጻ አይጓዝም።

ከዚህ ጋር አንድ የተሳሳተ እምነት እናርም። ባዶ ፒክ አፕ የኋላ መዝጊያው ወርዶ ቢነዳ ንፋሱ ስለሚያልፍ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። በንፋስ መሞከሪያ የተደረጉ ፍተሻዎች ግን ይህን አይደግፉም። መዝጊያው ሲዘጋ በጭነቱ ሣጥን ውስጥ የሚሽከረከረው አየር ራሱ እንደ ክዳን ሆኖ ከላይ የሚመጣውን ንፋስ ያሳልፈዋል። መዝጊያው መዘጋቱ፣ ከተቻለም ሸራው ሳይንቦረቀቅ ተወጥሮ መታሰሩ የተሻለ ነው።

አራቱም እግር የሚሠራላቸው ፒክ አፖች ያሏችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጭቃ ከወጡ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን እግር ሳያላቅቁ መንዳት ናፍጣንም፣ ጎማንም፣ ማርሹንም ይፈጃል።

የእግርና የእጅ ልማድ

አዛውንቱ ባልየውን ‹‹እንድትጠጣ ያስተማርካት አንተ ነህ›› ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጭነት እስኪሞላለት ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ ከጓደኞቹ ጋር ያወጋ ነበር። በቆመበት የሚሠራ ሞተር እንደ ትልቅነቱ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ያቃጥላል። በቀን አንድ ሰዓት እንዲህ ቢቆም በወር 15 ሊትር ያህል መሆኑን ሚስትየዋ ወዲያው በጣቷ ቆጥራ ነግራዋለች። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆም ሰው ሞተሩን ቢያጠፋ ይጠቀማል።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድግ ነገር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፒክ አፕ ደግሞ ቁመቱ ረዥም፣ ግንባሩ ሰፊ ነው። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ፍጆታው በግልጽ እየጨመረ ይሄዳል። ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ መቀየር፣ ከፊት ያለውን መንገድ ቀደም ብሎ ማየት፣ ቀይ መብራት ወይም መንጋ ሲታይ ከሩቅ ነዳጅ መልቀቅ፣ እነዚህ አንድም ሳንቲም የማያስወጡ ቁጠባዎች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቁልቁለት እንናገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙ ሾፌሮች በዚህ ዓይነቱ ቁልቁለት ‹‹ናፍጣ እንዲቆጥብ›› ብለው በዜሮ ማርሽ፣ እነርሱ ሞርታ በሚሉት ይለቁታል። ይህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። አንደኛ፣ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው የናፍጣ ፖምፓው ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጠባ የለበትም። ሁለተኛ፣ የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ ሲያዝ ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። ባለቤታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ ሾፌር ከሆነ፣ ‹‹በሞርታ እንዳትወርድ›› የምትሉት ቃል ከናፍጣ ሒሳብ የሚበልጥ መሆኑን አትርሱ።

ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣም ይታሰብበት። ውሃ ወይም ላምባ የገባበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ፖምፓውንና ኖዝሉን ያበላሻሉ። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃም በየጊዜው ማፍሰስ ይገባል። ነዳጅ በጀሪካን ገዝቶ ልጆች በሚተኙበትና ምድጃ በሚነድበት ቤት ማኖር ግን በምንም ሒሳብ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ከጥገናው በኋላ

የደሴዎቹ ባልና ሚስት ፍሬኑን አስጠገኑ፤ ተርሞስታትና የአየር ፊልትሮ ገዙ፤ ጎማውን በልኩ አስነፉ፤ መደርደሪያውን አስነቀሉ። ለዚህ የሆነውን ወጪ ከዕቁብ ሸፈነችው። ከዚያም በፊተኛው ዘዴ እንደገና ለኩ። መኪናይቱ በ36 ሊትር 342 ኪሎ ሜትር ሄደች፤ በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው።

ይህ በወር ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና በፊተኛው ልክ 286 ሊትር፣ በኋለኛው 211 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ልዩነቱ 75 ሊትር ነው። ሊትሩን በመቶ ብር ብቻ ብናስበው 7,500 ብር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የሁሉም ሰው መኪና ይህን ያህል የተበደለ ስላልሆነ ሁሉም ይህን ያህል አያተርፍም። አንዳንዱ በጎማ ንፋስና በአነዳድ ብቻ ጥቂት ሊትሮች ያድን ይሆናል። እነርሱም ቢሆኑ በዓመት ሲደመሩ የአንድ ልጅ ደብተርና ጫማ ናቸው።

ባልየው ለምን ያመሽ እንደ ነበረም ደብተሩ መልስ ሰጥቷል። ለናፍጣው የጎደለውን ለመሙላት አንድ ምልልስ ጨምሮ ይሠራ ነበር። ‹‹ለምን አልነገርከኝም?›› ብትለው፣ ‹‹ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?›› ሲል መለሰላት።

ስንሰናበታት በዚህ ላይ አንድ ነገር አከለችልን። ‹‹እህቴ፣ ናፍጣው ተመለሰ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ‘ጠጪ’ ያልኩት ቃል ግን ልጆቹ ሰምተውታል። ትንሹ አሁንም አባቱ ሲያመሽ ‘አባዬ ጠጥቶ ነው?’ ይለኛል። እርሱን በየትኛው ጋራዥ አስጠግነዋለሁ?››

አሁን ማታ ማታ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አባትየው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ትንሹ ልጅ በደብተሩ ላይ ይጽፋል። እናትየዋ ሆን ብላ የሰጠችው ሥራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ መኪና ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት ታንኩን አንድ ጊዜ ሙሉና ቁጥሩን ጻፉ። ሾፌር ቀጥራችሁ የምታሠሩም ብትሆኑ ሾፌሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት መኪናውን ለኩ፤ ሾፌሩም አብሮ ይለካ። ጉድለቱ ከመኪናው ከሆነ ይጠገናል፤ ከአነዳድ ከሆነ ይታረማል፤ ከሰው ከሆነም በቁጥር ተይዞ፣ ያለ ስድብ ይጠየቃል። ለሁሉም አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር ይበቃል።